ለባየልኝ የቆመው ድንጋይ

ድንጋዩ በተመረቀ ዕለት ካሰች ከፊት በክብር ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት የሞተው ባሏ ባየልኝ የወረዳ አስተዳዳሪ ነበር። መታሰቢያውን ያቆሙለት ሽንፋ ከተማ ሳይደረስ፣ መንገድ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ዲዛ ዛፍ አጠገብ ነው። ጨርቁ ሲገለጥ ሰው አጨበጨበ። እሷ ጽሑፉን አነበበች። ትምህርት ቤት ማሠራቱን፣ ደን ማስከበሩን ይዘረዝርና መጨረሻው ላይ «ሐምሌ 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ለሥራ ሲጓዝ በዚህ ስፍራ ሕይወቱ አለፈ» ይላል።

«በዚህ ስፍራ» የሚለውን ደግማ አነበበችው።

ባየልኝ ያን ዕለት በሞተር ብስክሌት ወጥቶ ቀረ። ሬሳው የተገኘው በሦስተኛው ቀን፣ ከዲዛው ብዙ ርቆ፣ ጎርፍ ወንዝ ዳር ጥሎት ነው። ሞተሩም እዚያው ከጭቃ ወጣ። የት እንደወደቀ ፖሊስም ቤተሰብም አላወቀም።

በማግስቱ ጽሑፉን ያስቀረጸውን የወረዳ ሠራተኛ፣ ምስጋናን፣ ጠየቀችው። እሱ አንድ ፊደል እንዳልነካ ነገራት። ጽሑፉም ቦታውም የመጡት ድንጋዩን ካሠሩት ከአቶ ውቤ ነው። የመታሰቢያው ኮሚቴ ወረዳው ከተማ መግቢያ ላይ ይቁም ቢልም እሳቸው ከዲዛው ውጭ አይሆንም ብለው ድርቅ አሉ።

አቶ ውቤ የሰሊጥ እርሻ ባለቤት ናቸው። ባየልኝ ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት ደን እንዳይመነጥሩ በስብሰባ መሀል ስለከለከላቸው፣ ተቆጥተው ወጥተው ነበር። ለቀብሩ ግን ድንኳን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው፤ ሰልስቱ እስኪያልፍም ከአጠገቧ አልተለዩም። ስምንት ዓመት ሙሉ ደግነት ነው ብላ የያዘችው ሁሉ አሁን ሌላ መሰላት። ነርስ ሆና በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ደጅ ሲያልፉ ሰላም ሲሏት፣ ዓይኗ እጃቸው ላይ ይቀር ጀመር። ለእህቷ እንኳ አልተነፈሰችም።

አንድ ሳምንት እንዲህ ከቆየች በኋላ መጋዘናቸው ሄደች። ሰሊጥ የሚጭኑት ሠራተኞች ፊቷን አይተው ወጡ። እሷ በሩን ሳትለቅ ቆመች።

«አቶ ውቤ፣ እዚያ መሞቱን በምን አወቁ?»

ከሰው ሰማሁ አሏት። ከማን ብትል የሞተ ሰው ስም ጠሩ። ከበሩ ንቅንቅ አላለችም። እሳቸው ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«አይቸዋለሁ» አሉ።

ያን ቀን ከሽንፋ በፒክአፕ ሲመለሱ ሞተሩ ተገልብጦ፣ ባየልኝ ከዲዛው አጠገብ፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ ጎርፍ በሚሞላው ኾር አሸዋ ላይ ወድቆ አዩት። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። እጁን አነሣ። እሳቸው መኪናውን አቀዘቀዙ እንጂ አላቆሙም። ስንጣላ ሰው ሁሉ አይቷል፤ መኪናዬ ውስጥ ቢሞት ገደለው ይሉኛል ብለው ፈሩ። ከኋላ ሌላ መኪና ያነሣዋል ብለው አሰቡ። ቤታቸው ሳይደርሱ ዝናቡ ወረደ።

«ተናገረ?» አለች።

«ስሜን ጠራኝ።»

ካሰች ሬሳው ሲገነዝ ነበረች። የእግሩን ስብራት ያየችው ያኔ ነው፤ ለማንም አላወራችም። ስለዚህ ሰውየው እዚያ ነበሩ። ግን ያየ ብቻ ሳይሆን የሰበረውም ይህን ያውቃል።

አቶ ውቤ ድንጋዩን እዚያ ያቆምኩት ለሕሊናዬ ነው፣ ሽማግሌ ልላክብሽ ብለው ለመኗት።

«መጀመሪያ ይህን ቃል ለፖሊስ ይስጡ» አለቻቸው።

ተነሡ። በመኪናቸው እንድትሄድ ቢጠይቋት እንቢ ብላ ባጃጅ ያዘች፤ እሳቸው ከኋላ ተከተሏት። ለእሷ የነገሯትን ሳያዛንፉ ለፖሊስ ደገሙት። መርማሪው ምስክር የሌለበት ነገር መሆኑን ነገራት፤ መዝገቡ ግን ተከፈተ፣ እሳቸውም በዋስ ወጡ።

ከጥምቀት በፊት ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ መጡ። ካሰች በአክብሮት ተቀብላ ሦስቴም መለሰቻቸው። በመጨረሻው ቀን ትልቁ ሽማግሌ፣ ሰውየው ጥፋቱን ካመነ ምን ቀረሽ ብለው ጠየቋት።

«ያመነውን ሰምቻለሁ አባቴ። ያላመነው ይኑር አይኑር ግን አላውቅም» አለች።

ሽማግሌዎቹ ውኃ ጠጥተው፣ ከፋሲካ በኋላ እንመለሳለን ብለው ሄዱ።