የስታመን ሦስት ጣቶች

«አሁንስ?» አለች ራሊጻ፣ መሣሪያውን ከአባቷ የእጅ አንጓ ላይ ሳታነሣ።

«ተሰማኝ» አለ ስታመን። «ጉንዳን የሄደብኝ ያህል።»

ራሊጻ ወረቀቷ ዘጠነኛው መስመር ላይ ምልክት አደረገች። መሣሪያው የደነዘዘ ጣት መልሶ እንዲሰማው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ነርቭ የሚልክ አልትራሳውንድ ነው፤ ከጓደኛዋ ከካሎያን ጋር ለመመረቂያ የሠሩት ነው። ነገ ጠዋት መምህራኖቻቸው ፊት ያቀርቡታል። ካሎያን መጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ፣ የትኛው መቼ እንደሆነ እሷም አባቷም ሳያውቁ፣ አንዴ ያበራዋል፣ አንዴ እንደጠፋ ይተወዋል።

ስታመን በቡልጋሪያዋ ከተማ በፕሎቭዲቭ የታወቀ አናጺ ነው። የዛሬ አራት ዓመት መጋዝ አንጓውን ከቆረጠው ወዲህ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ደንዝዘዋል። የላገው ጣውላ መለስለሱን የሚያውቀው በግራ እጁ ዳብሶ ነው።

«የመጨረሻው ነው አባዬ። አሁንስ?»

«ተሰማኝ! እንዲያውም ይኼኛው ይበልጣል!»

ራሊጻ ሳቀች። ካሎያን ግን ከመጋረጃው ሲወጣ አልሳቀም።

«ጋሽ ስታመን፣ ይህን አላበራሁትም።»

«አንተ ልጅ፣ አትቀልድ!»

«ከዐሥሩ በአምስቱ ጠፍቶ ነበር። እርስዎ ዐሥሩንም ተሰማኝ ብለዋል።»

ስታመን ጣቶቹን አገላብጦ አያቸው።

«ለእኔ ብለህ ነው አባዬ?»

«ለአንቺ ብዬ በሆነማ ጥሩ ነበር። አልዋሸሁም ልጄ። አጥብቄ ስጠብቀው የመጣ ይመስለኛል። ሥራ ቦታም እንደዚሁ ነው። ዐይኔን ጨፍኜ ጣውላውን በቀኝ እጄ ልዳብስ ስል ልስላሴው ይሰማኛል። ዐይኔን ስገልጥ፣ እጄ ገና ጣውላው ላይ አልደረሰም።»

ካሎያን ራሊጻን ወደ መስኮቱ ሳብ አደረጋት።

«ሲበራ የተናገሩትን ብቻ እናቅርብ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አምስት ከአምስት። ማን ይጠይቀናል?»

«አባዬ ይጠይቀኛላ። ሠራ ወይ ብሎ።»

«አለበለዚያ ይጥሉናል እኮ!»

ራሊጻ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን «ተሰማኝ» የምትል ቃል ስትጠብቅ ኖራለች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ዐሥሩንም መልሶች፣ በየጎናቸው «በርቷል»፣ «ጠፍቷል» እያለች ንጹሕ ወረቀት ላይ ገለበጠቻቸው። ከሥር «መሣሪያው መሥራቱ ከዚህ ሙከራ አይታወቅም» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ከዚያ እስክሪብቶውን ለካሎያን ዘረጋችለት።

ስታመን የሚቀጥለውን «አሁንስ?» እንደሚጠብቅ ሰው፣ የሰበሰበውን እጅጌ ገና አላወረደም ነበር።