ሰባቱ ስድስት የሆነ ዕለት

በአንድ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ሲያገለግሉ፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው “አባ ፊውዝ” የሚል ስም አወጡላቸው፤ ቶሎ ይቃጠላሉ ለማለት ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ልጃቸው እንዳመጣችባቸው ያለ ጉዳይ አስጨንቋቸው አያውቅም። ልጅቷ በቴክኒክ ኮሌጅ ኮምፒውተር ታስተምራለች።

“አባዬ፣ ነገ ክፍሌ መጥተህ ታግዘኛለህ” አለቻቸው።

“እኔ? ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰውዬ? ተማሪ ፊት ልታዋርጂኝ ነው?”

“አንተ ቁጥር ብቻ ላክልኝ፤ ወሬውን ለኔ ተወው።”

አንጀታቸው አልጨከነም። በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ካለው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሙ። ሥራቸው በአንድ ሽቦ ቁጥር መላክ ነበር፤ ሦስት ለማለት ሦስት ቮልት፣ ዘጠኝ ለማለት ዘጠኝ ቮልት። ከክፍሉ ጀርባ የተቀመጠች ተማሪ በመለኪያ ታነባለች። ሦስት፣ ዘጠኝ፣ አራት፤ ሁሉም ልክ መጣ።

“ታዲያ መምህርት፣ አሥሩም ቁጥር ከሠራ ኮምፒውተር በዜሮና በአንድ ብቻ ለምን ይደክማል?” አለ አንድ ጠያቂ ተማሪ።

አባ ፊውዝ ሰባት ላኩ። በዚያችው ቅጽበት ከጎን ካለው ወርክሾፕ ብየዳ ተጀመረ።

“ስድስት!” አለች አንባቢዋ።

“አባባ ተሳሳቱ!” ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ደማቸው ፈላ። “ማ፣ እኔ? እኔ የላኩት ሰባት ነው፤ መንገድ ላይ ነው የተበላው! ብየዳው ኃይል ሲስብ ቮልቱ ወረደ። ከሰባት ስድስት ምን ያህል ይርቃል? አንድ እርምጃ ብቻ ነው!”

ነገሩን ያበላሹ መስሏቸው ወደ ልጃቸው ዞር አሉ። እሷ ግን ከሰሌዳው ፈቀቅ ብላ፣ “ቀጥል አባዬ” አለቻቸው።

ጠረጴዛው ላይ ልጃቸው ያዘጋጀቻቸው አራት አምፖሎች ተደርድረዋል፤ ከየአምፖሉ ግርጌ ስምንት፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ ተብሎ ተጽፏል። አባ ፊውዝ የስምንቱን ትተው ሌሎቹን ሦስቱን አበሩ።

“የበሩትን ደምሩ።”

“ሰባት!”

ብየዳው አሁንም ያጓራል፤ አምፖሎቹ ፈዘዝ ብለዋል።

“ፈዘዙ እንጂ ጠፉ የሚል አለ?”

“የለም!”

“በቃ! ማሽንን ‘መብራቱ ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው’ ብትሉት ትንሽ ነገር ያሳስተዋል። ‘በርቷል ወይስ ጠፍቷል’፣ ማለትም ‘አንድ ወይስ ዜሮ’ ካላችሁት ግን በዋዛ አይሳሳትም። ኮምፒውተር ውስጥ ስንት ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ ልጄ?”

“በቢሊዮን የሚቆጠር።”

“አያችሁ! ያ ሁሉ በየፊናው አሥር ደረጃ ልጠብቅ ቢል ጉድ ይፈላ ነበር!”

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ያ ጠያቂ ተማሪ ብድግ ብሎ፣ “መምህር፣ ሌላ ቀንም ይመጣሉ?” አላቸው።

ማን ተጠራ ብለው ወደ ኋላቸው ዞሩ። ማንም የለም። ልጃቸው ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ “አባቴ ነው እኮ!” ትላለች ለተማሪዎቿ፣ የማያውቁ ይመስል።

አባ ፊውዝ የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው ደረታቸውን ነፉ።

“ይቺ መምህርት ካዘዘችኝ” አሉ፣ “ነገም እመጣለሁ።”