ሸክላ ተራ በሃይፋ

«ተነሺ ይልሻል ሽማግሌው!» አለ ባየህ፣ የእህቱን ክንድ ይዞ።

ንግሥቴ ነጠላዋን መሬት ላይ አንጥፋ ሦስተኛውን ምንቸት ከካርቶኑ እያወጣች ነበር። «ለምን? እሱ የሚሸጠው ሸክላ፣ እኔ የያዝሁት ሸክላ።»

«እኮ ለዚያ ነዋ!»

ነገሩ አልገባትም። ዓርብ ረፋድ ነው፤ ከወደቡ ከፍ ብሎ ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ በሰው ተጨናንቋል። ሁለት ጊዜ ዞራው ከጫማና ከሬዲዮ መካከል አንድ ሸክላ ሻጭ ስታገኝ፣ ዘመድ እንዳገኘች ሁሉ ከጎኑ ተቀመጠች። ሻጩ፣ ከሞሮኮ የመጣው ሽማግሌ ማክሉፍ፣ ግን እንደ ተዘረፈ ሰው ይጮሃል።

ከጎንደር ወጥታ በሱዳን በኩል እዚህ ሃይፋ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ሥራ የሚያድለው ጸሐፊ «ሸክላ ሠሪ» የሚለውን ከቅጹ ላይ የሚያሰፍርበት ቦታ አጣ፤ ለወለል ጠራጊ ግን ቦታ ሞልቶታል። በአሥር ጣቷ ቤተሰብ ስታሳድር የኖረች ሴት ባሕር በተሻገረች ማግስት ሙያ የሌላት ተብላ ትመዘገባለች! ዛሬ በዚህ ገበያ መቀመጫ ካላገኘች ጭቃውን ደፍታ ከእሑድ ጀምሮ የፋብሪካ ወለል ልትጠርግ ለባየህ ቃል ሰጥታለች።

«ሸክላ ከሸክላ ተራ ካልተቀመጠ የት ሊቀመጥ ነው? ጫማ ተራ?» አለች።

«ተራ ምንድን ነው?» አለ ማክሉፍ።

ባየህ «ረድፍ» ብሎ በዕብራይስጥ ተረጎመለት።

«ረድፍማ መጀመሪያው ነው፤ በደንብ ንገረው እንጂ!» አለች ንግሥቴ። «አንዷ ሸክላዋን ይዛ ተቀመጠች። ሁለተኛዋ መጥታ ከጎኗ፣ ሦስተኛዋም ከዚያች ጎን። ሰዉም ‹ከሸክላዎቹ ተራ ሂድ› ይባባል ጀመር። ውሎ አድሮ ቦታው ራሱ ሸክላ ተራ ተባለ። ከእኔ ያጣውን ገዢ ከጎኔ ወዳለችው እመራዋለሁ። ደንቡ ይኼ ነው።»

ማክሉፍ ሲተረጎምለት ሳቀ። «በእኛም ከተማ የመዳብ ሠሪዎች ገበያ ለብቻው ነበር። ግን እንኳን ጎረቤቴ፣ ወንድሜም ገዢ መርቶልኝ አያውቅ!»

ባየህ ይህንንም ነገራትና በእሷው ላይ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ተራ፣ ተራ ትያለሽ! እናታችን ከገበያው ጥግ፣ አህያ ከሚታሰርበት የተቀመጠችው ወዳ መሰለሽ? ‹ቡዳ ናቸው› ብለው ገፍተዋት ነው! ያንን አጥር ነው እስከዚህ ተሸክመሽ የመጣሽው?»

ለንግሥቴ ተራ ማለት ከእናቷ ትከሻ የሚመጣው ሙቀት ነበር። ያን ያህል ተጠጋግተው የተቀመጡት ተዋደው ነው ወይስ ሌላ ቦታ ተነፍገው? አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል፤ አልለይ አላት።

በዚህ መሐል አንዲት ሴት መጥታ በእጇ ቅርጹን እያሳየች አንገተ ረጅም ማሰሮ ጠየቀቻት። የላትም። ገና ሳታስብ እጇ ወደ ማክሉፍ ጠቆመ። ሴትዮዋ ከእሱ ገዝታ ስትመለስ የንግሥቴን ምንቸት አንሥታ በጥፍሯ አንኳኳችው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

«ዛሬ እጄ ሞልቷል፤ የሚመጣው ዓርብ እዚህ ትኖራለች?» ብላ ማክሉፍን ጠየቀችው።

ማክሉፍ በእጁ የያዘውን የማሰሮውን ዋጋ አየ፤ ንግሥቴን አየ፤ ጢሙን አከከ።

«ቤሰደር፣ ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ግን ዳር ላይ፣ ከግድግዳው ሥር።»

ባየህ ተረጎመላት። ንግሥቴ ግድግዳውን አየችው፤ እናቷ የተገፋችበትን ጥግ መሰላት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የማክሉፍን ሁለት ማሰሮዎች በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፋ አደረገች፤ የራሷንም ምንቸት መሐላቸው አስቀመጠች።

«እታለም፣ ዳር ነው እኮ ያለሽ!» አለ ባየህ ደንግጦ።

«ሰምቻለሁ» አለችና ሁለተኛውን አነሣች።