ሲፖካዚን ለማስመዝገብ

ከኬይ ወንዝ ማዶ ባለችው መንደር አዳራሽ ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ ተቀምጠዋል። ሊንዴልዋ ወዴት እንደምትቀመጥ ሰው ሁሉ እየተጎሻሸመ ሲጠብቅ፣ እሷ በሩ አጠገብ ቆመች። ወንድ ተብለው ተወልደው ሴት ሆነው በሚኖሩ እንደሷ ባሉ ሰዎች ላይ የሚደርሰውን ዱላና የሕክምና በደል መንግሥት በይፋ ሊመዘግብ መዝጋቢዎች ልኳል።

የቅርቡ ክሊኒክ ይሳለቅባቸዋልና ስድስት ዓመት ሙሉ ከእነሱ መካከል የታመሙትን በታክሲ አርባ ኪሎ ሜትር ስታመላልስ የኖረችው ሊንዴልዋ ናት። ማንም አልሾማት። እንዲህ ያለ ልብ ለስንቱ ሹም በታደለ።

ዛሬ የመጣችው ለጓደኛዋ ለሲፖካዚ ነው። አምና ጎረምሶች ደብድበው ጣሏት። ቁስሉ ሲያመረቅዝ፣ “ዳግመኛ ነርስ ፊት ከምቀርብ ልሙት” አለች፤ ሞተችም። የመዝጋቢዎቹ ደንብ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ የቤተሰብ ቃል ከሌለ የሟች ስም መዝገብ አይገባም። የሲፖካዚ እናት እማማ ኖክዋንዲሳ ልጃቸውን በሱፍ ልብስና በወንድ ስም ከቀበሩ ወዲህ ሊንዴልዋን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ።

“ቀጣይ ምስክር” አለች ጸሐፊዋ።

ሊንዴልዋ ወደ ፊት ወጣች። ከወንዶቹ ወገን አባባ ምዚማሲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ስማ አንተ፣ እዚህ ቤት ወንድ ራሱን ገልጦ ነው የሚቆመው። ሻሽህን አውርድ።”

“አባባ፣ ያን ጊዜ ወገብዎን ሲይዝዎት ተሸክሜ ሆስፒታል ያደረስኩዎት ይህንኑ ሻሽ እንዳሰርኩ ነበር። ያኔ ምንም አላሉኝም።”

ሰው ሁሉ በሽማግሌው ሳቀ። እሷ ግን ዓይኗ ከሴቶቹ ወገን ነበር፤ እማማ ኖክዋንዲሳ ከመካከላቸው ብድግ ብለው ወደ እሷ እየመጡ ነበር። “ውሸት ነው” ካሉ ሁሉም ነገር እዚህ ያበቃል።

“ነውር አታውቂም?” አሉ ፊቷ ቆመው።

ሊንዴልዋ አንገቷን ደፋች።

“ትከሻዋን ሳትሸፍን ወንዶች ፊት የምትናገር ሴት የት አይተሻል? እናትሽ አላስተማረችሽም?”

እውነትም ስትቻኮል በእጅ ጉርድ ቀሚስ ነበር የመጣችው።

“እናቴ ያሳደገችኝ በወንድ ልጅ ወግ ነው፣ እማማ።”

“እንግዲያው ከእኔ ተማሪ።” የራሳቸውን የትከሻ ልብስ አውልቀው አለበሷት፤ ደረቷ ላይም በመርፌ ቁልፍ አያያዙላት። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ።

“ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄን ክሊኒክ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ነርሶቹ ተጠራርተው ሲስቁባት አፍሬ ወጣሁ፤ ብቻዋን ትቻት ወጣሁ። ይኼንንም ጻፊው።”

“የልጅዎ ስም ማን ይባላል?”



“ሲፖካዚ” አሉ እማማ ኖክዋንዲሳ፣ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን እንኳ ጠርተዋት በማያውቁት ስም።