ስለ ቻይና ሳንቲሞች የተጻፈው ገጽ

በዚያ ክረምት ዋግ ውስጥ ሐምሌ ላይ ሁለት ቀን ዘነበና ቀረ። ደሃና ላይ ገብሱ ሳያሸት ደረቀ። ዝቋላ ላይ ማሽላው ከጉልበት አላለፈም። ፍየሉን ሁሉም ገበያ አወጣው፤ ገዢ ግን አልነበረም። ነሐሴ ላይ ወጣቱ ከፊሉ ወደ ወልድያ ወረደ፣ ከፊሉ ባሕር ለመሻገር ተነሣ። መስከረም ሲጠባ ሰቆጣ ውስጥ ከውጭ የተቆለፈ በር በዝቶ ነበር።

የመንግሥቴ በር አልተቆለፈም። ከውስጥ ያለው ሰው ግን እሱ ብቻ ነው። ሚስቱ ከሞተች ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ልጁ እየሩስ ሪያድ ናት፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። “አባዬ፣ በልተሃል?” ትለዋለች። “በልቻለሁ” ይላታል። ከዚያ ሌላ የሚሉት ብዙ የላቸውም።

በቀረው ቀን እሷ በላከችለት ስልክ መዝገበ ዕውቀት ያርማል። ኢንተርኔት ላይ ያለ፣ ማንም የሚጽፍበት፣ ማንም የሚያቃናው የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት ነው። መንግሥቴ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠብቋል፤ ጡረታ ሲወጣ ይህን ሥራ ያሳየው የታሪክ መምህሩ ወዳጁ ቢያዝን ነው። እዚያ የሚሠሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ የሌላውን ፊት አያውቅም። እሱን “አባ ማስረጃ” ይሉታል፤ ከየት እንደተገኘ ያልተነገረ ጽሑፍ ባየ ቁጥር ከሥሩ “ማስረጃ የለውም፤ ይጥፋ” ብሎ ስለሚጽፍ።

አንድ ጠዋት ምህረት የምትባለው አራሚ እንዲህ ብላ ጽፋ አገኘ፦ “ስለ ቻይና ሳንቲሞች የተጻፈው ገጽ አንድም ማስረጃ የለውም። በሰባት ቀን ካልተገኘለት ይጥፋ። አባ ማስረጃ ምን ይላሉ?”

ገጹን ከፈተው። የጻፈውን ወዲያው ዐወቀ። ቢያዝን ነው። ቢያዝን ደሃና፣ አገሩ ገብቶ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። በሕይወቱ ለሰው ያስነበበው ጽሑፍ ይህ አንድ ገጽ ብቻ ነው። የጥንቱ የቻይና ሳንቲም ክብ ሆኖ መሐሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ እንዳለው፣ ነሐሱ ቀልጦ በቅርጽ እየፈሰሰ ይሠራ እንደነበር፣ ሺሁ በአንድ ገመድ ይሰካ እንደነበር ይናገራል። መጨረሻው ላይ “ከእነዚህ ሳንቲሞች አንዷ ዛሬ ዋግ ውስጥ በአንዲት ሴት ማተብ ላይ ትገኛለች” ይላል።

የሌላ ሰው ቢሆን ቁርስ ሳይቀምስ “ይጥፋ” ይል ነበር። ጣቱ እምቢ አለው። “ይቆይ” ብሎ ጻፈ።

ምህረት አልዘገየችም። “በምን ማስረጃ? አምና ስለ አያቴ መንደር የጻፍኩትን ገጽ ሲያጠፉ እንዲህ አልራሩም።”

እውነቷን ነው። “ይቆይ” ያለውን ሰርዞ “እስኪ ልፈልግ” ብሎ ተካው።

በማግስቱ ወደ አምደወርቅ ከተማ የሚሄደውን መኪና ያዘ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። የቢያዝን ሚስት ባንቺ ደጃፏ ተቀምጣ የእርዳታ ስንዴ ትለቅማለች። ውሻዋን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ገሠጸችና ቀና አለች።

“አያ መንግሥቴ! እኔ እኮ ሞተዋል ብዬ ነበር።”

“ገና ነኝ።”

“ለለቅሶም አልመጡ።”

“መንገድ ተዘግቶ ነበር።”

“ሦስት ዓመት?”

ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የመጣበትን ነገራት። “ከየት እንዳገኘው የሚያሳይ ነገር ትቶ እንደሆነ ብዬ ነው” አለ።

ባንቺ ሰፌዱን አስቀመጠች። “ራስዎ ወስደው እኔን ይጠይቁኛል?”

“ምኑን?”

“መጽሐፉን ነዋ! ሚስትዎ የሞተች ጊዜ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብለው የተዋሱትን። እስኪሞት ‘መጽሐፌ መንግሥቴ ዘንድ ነው፤ ያመጣዋል’ እንዳለ ነው። ያንን ገጽም የጻፈው ከእሱ ያነበበውን በቃሉ ይዞ ነው። እኔ ደግሞ ‘ሰቆጣ የገባ መጽሐፍና ጅብ የወሰደው አህያ አይመለስም’ እለው ነበር።”

መንግሥቴ በሥራ ዘመኑ መጽሐፍ ያልመለሰ ተማሪ እቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያስለቅስ ሰው ነበር።

“ስለ እኔም ጽፌያለሁ ብሎኛል” አለች። “አለሁ?”

“አለሽ። መጨረሻው ላይ።”

ማተቧን ከአንገቷ ሳብ አድርጋ አሳየችው። ከመስቀሏ ጎን ጠርዟ ያለቀ፣ አረንጓዴ ዝገት የበላት ሳንቲም ታስራለች፤ መሐሏ አራት ማዕዘን ቀዳዳ። መንገድ ሊሠሩ ከመጡት ቻይኖች አንዱ ለቢያዝን የሰጠው ነው አለችው።

“ይኸው አዩት። አይቻለሁ ብለው ይጻፉ።”

“የእኔ ዓይን አይበቃም። የታተመ ነገር ነው የሚፈለገው።”

“ዳኛ እንኳ ሽማግሌ ምሎ አየሁ ሲል ይቀበላል። እነዚህ ከዳኛ ይበልጣሉ?”

“ደንቡ ነው።”

“ደንቡን ያወጣው ማነው?”

“አላውቀውም።”

“በሉ እንግዲያ” አለችና ወደ ስንዴዋ ተመለሰች።

ሰቆጣ ሲመለስ መጽሐፉን ከሣጥኑ ሥር፣ ከሚስቱ ልብስ በታች አገኘው። ስለ ጥንት ገንዘብ የሚያወራ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ ማዕዘኑን አይጥ ቀምሶታል። ቢያዝን ያዋሳቸውን ሰዎች ስም ከሽፋኑ ጀርባ በእርሳስ ይጽፍ ነበር፤ ሲመለስለት በላዩ ላይ መስመር ያሰምርበታል። ዘጠኝ ስም አለ። ስምንቱ ተሰርዟል። መጨረሻ ያለው መንግሥቴ ነው።

ቀኑን ሙሉ በመነጽር መስመር በመስመር አመሳከረው። ቀዳዳው አለ። ነሐሱ አለ። ገመዱም ሺሁም አለ። እያንዳንዱ የተገኘበትን የገጽ ቁጥር ጻፈለት።

ስለ ማተቡ መጽሐፉ አንድ ቃል አይልም።

ጣቱን መጨረሻዋ መስመር ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። የቀረው ሁሉ መጽሐፉ ያለው ነው፤ ቢያዝን ራሱ ያለው ይህችን ብቻ ነው። ቢተዋት ማንም አይጠይቀውም። የምህረት አያት መንደር ትዝ አለው። እሱንም ያየ ሰው ነበር የጻፈው። መስመሯን አጠፋት።

“ይቆይ” አለች ምህረት ማታውን። “እጅዎ ይባረክ፣ አባ ማስረጃ።” ሌላ ሐሳብ የሰጠ ሰው አልነበረም። መንግሥቴ ደስታውን የሚነግረው ሰው ፈለገ። እሑድ ገና አራት ቀን ይቀረዋል።

ሐሙስ መጽሐፉን በፎጣ ጠቅልሎ ደሃና ተመለሰ። ባንቺ ተቀብላ በሁለት እጇ መዘነችው።

“ገጹስ?”

“ቆሟል። አይጠፋም።”

“እኔስ?”

“የለሽም። መጽሐፉ ስለ አንቺ አይናገርም።”

“ሰረዙኝ በሉኛ።”

“ሰረዝኩሽ።”

ትክ ብላ አየችው። “ሳይነግሩኝ ቢቀሩ አላውቅም ነበር። እኔ ማንበብ አልችል።”

“ዐውቃለሁ።”

ሽፋኑን ገለጠች። ፊደሉን ባትለይም መስመሮቹን ለየች፤ ጣቷን ካልተሰመረበት ስም ላይ አሳረፈች። “ይኸ የእርስዎ ነው?”

“የኔ ነው።”

ቤት ገብታ ጣት የማታክል የቢያዝን እርሳስ ይዛ ወጣች። “እኔን ከሰረዙ ራስዎንም ይሰርዙ። ሲመልሱለት የሚያደርገው እንዲህ ነበር።”

መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አሰመረ። እርሳሱ ዶልዱሞ ስለነበር ሁለት ጊዜ ደገመው።

“እንግዲህ ዕዳ የለብዎትም” አለች። መጽሐፉን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ይዛው ገባች።

ይግቡ ትለኝ ይሆናል ብሎ ጥቂት ቆመ። ከውስጥ ሣጥን ሲከፈት፣ ኋላም ሲዘጋ ሰማ።

“ደህና ይግቡ፣ አያ መንግሥቴ” አለችው ከዚያው ሆና። “መኪናው እንዳያመልጥዎ።”