ጭስ አልባው ማቅለጫ

ሐኪሙ ነገሩን አላሽሞነሞነውም። የደረታቸውን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ፣ "ከእንግዲህ ወይ ከሰሉ፣ ወይ ሳንባው" አላቸው። ናስ አቅላጩ አርባ ዓመት የተነፈሱት ጭስ ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ መታየቱ ገርሟቸው፣ "እኔማ ጥቁር መስሎኝ" ብቻ ብለው ወጡ።

ምድጃው ቀዘቀዘ፤ ሰውየውም አብረውት ቀዘቀዙ። ጠዋት ወርክሾፑን ይከፍቱና የአሸዋ ቅርጾቻቸውን አቧራ ያራግፋሉ፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው መንገደኛ ሲቆጥሩ ይውላሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው "በልቻለሁ" ይላሉ። ልጃቸው ይህን ሁሉ ከላይኛው ክፍል መስኮት ታያለች። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ስለሆነች አባቷ ስሟን ትተው "ሬዲዮ" ነው የሚሏት። ተቀምጠው ሲያልቁ ማየት ቢያቅታት፣ ያለ ከሰል ናስ የሚያቀልጥ መሣሪያ ልትሠራላቸው ተነሳች።

"ካልሆነልሽ ግን ወደ ከሰሌ ነው የምመለሰው" አሏት ገና ስትጀምር። "ቆሜ ልሙት እንጂ ተቀምጬ አልሻግትም።"

የመዳብ ቱቦ በአሸዋ ሞልታ፣ እንዳይጨፈለቅ እየተጠነቀቀች በወፍራም እንጨት ላይ ጠመጠመችው። ትልልቆቹን ትራንዚስተሮች ውጭ አገር የሚመላለስ የአጎቷ ልጅ እስኪያመጣላት አራት ወር ጠበቀች። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ አባቷ ናስ የሚያቀልጡበት የሸክላ ጽዋ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ የናሱም ፍርፋሪ ተበታትኖ አልግል አለ። የሸክላውን ጽዋ ትታ የግራፋይት ጽዋ አገኘች፤ እርሳስ ውስጥ ካለው ጥቁር ነገር የተሠራ፣ ራሱ ግሎ ናሱን የሚያግል። ከናሱ የሚወጣውን ነጭ ጭስ የሚስብ ማራገቢያም ወርክሾፑ መስኮት ላይ ገጠመች።

በስድስተኛው ወር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ወርክሾፑ ውስጥ መሣሪያው ያለበት ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ሆነው ቆሙ፤ እሷ፣ አባቷና የአባቷ ጓደኛ አናጢው።

"እሳቱ የታለ?" አሉ አናጢው ጎንበስ ብለው።

"እሳት የለውም ጋሼ። ጥቅልሉ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል፤ በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ። መሀሉ ላይ ብረት ካስቀመጡ፣ ብረቱ ውስጥም ሌላ ኤሌክትሪክ መሽከርከር ይጀምራል። ብረቱን የሚያግለው እሱ ነው። ጥቅልሉ አብሮ እንዳይቀልጥ ደግሞ በቱቦው ውስጥ ውሃ ይዞራል።"

"ገባኝ" አሉ አባቷ። "ሐሜት በይው። ማንም ሳይነካህ ውስጥ ውስጡን ያበግንሃል።"

"አንተንስ የሚያማህ የለም፤ ተረስተሃል" አሉ አናጢው።

"ያንተን ወንበር ገዝቶ የወደቀ ሁሉ ግን አንተን አይረሳህም።"

አባቷ ሲቀልዱ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው! ደስታዋን ውጣ መሣሪያውን አበራች። ብሎን በሽቦ አንጠልጥላ ጥቅልሉ ውስጥ ስታስገባው ወዲያው ቀላ። አናጢው ወደ ኋላ ሸሹ። ቀጥላ የግራፋይቱን ጽዋ ከነናሱ አስገባች።

ሃያ ደቂቃ ያህል ሦስቱም ጽዋው ላይ አፈጠጡ። ጽዋው መጀመሪያ ደብዛዛ ቀይ፣ ቀጥሎ እንደ ብርቱካን ሆነ። ቁርጥራጮቹ ጠርዛቸው ረጠበ፣ ተንሸራተቱ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ሰጠመ። አባቷ ይበልጥ ተጠጉ። ሳላቸው እንኳ ጠፍቶ ነበር። ፊታቸው ላይ የወደቀውን ብርሃን አየች፤ ለስድስት ወር ያላየችው ሰው ነበር የቆመው።

"ደረሰ" አሉ በሹክሹክታ። "አሁን ይቀዳል።"

"ትንሽ ይታገሡ አባባ፤ መጀመሪያ እኔ ላጥፋው" ብላ የኤሌክትሪኩን መጠን ልታነብ ወደ ቆጣሪው ጎንበስ አለች።

ቀዝቃዛ ጉጠት የቀለጠ ናስ አይነካም። ቅንጣት እርጥበት ካለው ናሱ ተፈናጥሮ ፊት ይበላል። ስለዚህ አቅላጭ ሁሉ ከመቅዳቱ በፊት የጉጠቱን አፍ ምድጃው ጫፍ ላይ አጋድሞ ያሞቀዋል። አባቷም አርባ ዓመት እንዳደረጉት፣ ሳያስቡት፣ የብረት ጉጠታቸውን ጽዋው አፍ ላይ አጋደሙት።

ጉጠቱ በቅጽበት ቀላ። የመዳቡ ዙሮች እርስ በርስ እንዳይነካኩ የተጠመጠመባቸውን ጨርቅ አቃጥሎ ሁለቱን አገናኘ። "ጧ!" አለ ትራንዚስተሮቹ ያሉበት ሳጥን። ከዚያ አንድ ሌላ፣ ትንሽ "ጧ"። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ውሃው ብቻ በቱቦው ውስጥ መዞሩን ቀጠለ።

"ምን አጠፋሁ?" አሉ አባቷ።

"ምንም አላጠፉም።"

"ጉጠቱን ማሞቅ ነበረብኝ።"

"አውቃለሁ" አለች፤ ግን አታውቅም ነበር። በልጅነቷ ጭሱን ፈርተው ወርክሾፑ ደጃፍ አያስደርሷትም ነበር፤ ካደገች በኋላም ጽዋ እንዴት እንደሚያነሱ ለማየት አንድ ቀን አልወረደችም። የመሣሪያውን ነገር ሁሉ አስረድታቸዋለች። የእሳቸውን ሥራ ግን አንድም ቀን አልጠየቀቻቸውም።

ናሱ ዓይናቸው እያየ ጽዋው ውስጥ ቆዳ አወጣ፣ ደነዘዘ፣ ደረቀ። ሳጥኑን ፈትታ ስታየው አራቱም ትራንዚስተሮች ተሰንጥቀዋል።

"ለመጠገን ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አሉ አባቷ።

"የአጎቴ ልጅ እስኪመለስ... አራት ወር። እዚህ የሚሸጥ የለም።"

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጎበዝ ነሽ። ሲቀልጥ በዓይኔ አይቻለሁ" አሉና ጥግ ላይ ወደተቀመጠው የከሰል ጆንያ ሄደው ማሰሪያውን መፍታት ጀመሩ።

"አንተ ሰው! አራት ወር ምን አላት?" አሉ አናጢው።

"ላንተ ምንም የላትም።"

"አባባ፣ ሐኪሙ..."

"ስድስት ወር ሰማሁት ልጄ። በቃኝ።"

አናጢው ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

ከሰሉ ተያያዘ። አባቷ የወናፉን እጀታ ሦስት ጊዜ ገፉትና ሳሉ አጎበጣቸው። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ደግፈው ትንፋሽ እስኪመለስላቸው ቆዩ። ከዚያ እንደገና እጀታውን ጨበጡ።

ልጅቱ ሄዳ እጃቸውን ቀስ አድርጋ ከእጀታው ላይ አነሳች። "እኔ እነፋለሁ። እርስዎ ራቅ ይበሉ።"

"ርቄ የናሱን ቀለም እንዴት አየዋለሁ?"

አልራቁም። እሷም መግፋት ጀመረች።

"አትቸኩይ" አሏት። "ረጅም ግፊ፣ ቶሎ ልቀቂ። እንደሱ... እንደሱ።"

ከሰሉ ቀላ። ጭሱ ከማራገቢያው አቅም በላይ ሆኖ ጣሪያው ሥር ተኛ፣ ቀስ በቀስም ወደ ራሳቸው ወረደ። አባቷ በምድጃው አፍ ላይ አጎንብሰው ወደ ሸክላው ጽዋ ውስጥ ተመለከቱ።

"ጨምሪ" አሏት።

ጨመረች።