ብቻውን ያደገ ወይፈን

በእርሻ ኮሌጁ የእንስሳትና የሥጋ ሳይንስ የሚያስተምረውን መምህር ተማሪዎቹ «ሚዛን» ይሉታል። ሲያሾፉ ነው እንጂ ሚዛንስ ሁለት ወገን አለው። የእሱ ሕግ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ወይፈን ተረክቦ አራት ወር ይቀልባል፣ ወይፈኑ ይታረዳል፣ ሥጋው የተበላሸበት ለመጨረሻው ፈተና ሳይቀመጥ ይወድቃል። «እናንተ ትዋሻላችሁ፤ ሥጋ አይዋሽም» ይላል።

«ጭምቷ» የሚሏት ተማሪ አምና በዚሁ ትምህርት ወድቃለች። ዘንድሮ ከደገመች መባረር ነው። እናቷ በደወለች ቁጥር «የኔ ልጅ፣ አደራሽን። ያክስቶችሽን አፍ በምን እዘጋዋለሁ?» ትላታለች። ልጅቱም ወገቧን ጠበቅ አድርጋ ተነሣች።

የሌሎቹ ወይፈኖች ባንድ በረት ሲጋፉ፣ የሷን ለብቻው አሰረችው። እንዳይወጉት፣ መኖውን እንዳይሻሙት ብላ ነው። ቦረሸችው፣ አጎረሰችው፣ አዋራችው። ወይፈኑ ቆዳው እስኪያብረቀርቅ ወፈረ፤ ኮቴዋን ሲሰማ ብድግ ማለትም ለመደ።

የበረቱን ጠባቂ ግን ነገሩ አላማረውም።

«ልጄ፣ ከጓደኞቹ ቀላቅይው።»

«ይወጉብኛል፣ ጋሼ።»

«ይውጉት። ከብት ያለ ከብት አይሆንለትም።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሚዛንም በየሳምንቱ ይመጣል፣ ወይፈኑን ይዞራል፣ ማስታወሻው ላይ ይጭራል፣ ምንም ሳይል ይሄዳል። ዝምታውን እንደ ምርቃት ቆጠረችው፤ ሞኝ!

ከእርዱ በፊት ባለው ቀን ወይፈኖቹ ሁሉ አንድ ማቆያ ይገባሉ፤ ተማሪ እዚያ ዝር አይልም። ሌሎቹ ተጠጋግተው ያመሰኩ ጀመር። የሷ ግን ከብት አያውቅምና አንዱ በተጠጋው ቁጥር እየበረገገ አጥር ለአጥር ሲሮጥ፣ ሲያገሳ ዋለ። ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ጭምቷ በር ላይ ቆማ ስትሰማው ቆይታ፣ እዚያው የነበረውን ሚዛንን ለመነችው።

«መምህር፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ልግባ። ካየኝ ይረጋጋል።»

«አውቃለሁ» አላት ሚዛን። «ደንብ ግን ደንብ ነው።»

«በልጆችዎ አምላክ፣ ትግባ» ብሎ ጠባቂው ቢለምነው፣ ዞር ብሎም አላየው።

ከእርዱ በኋላ ሥጋው አንድ ቀን በማቀዝቀዣ አድሮ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። የሌሎቹ ደማቅ ቀይ ነው። የሷ ጠቁሯል፤ ሲነኩት ጣት ላይ ይጣበቃል። የሚዛን ፊት በራ።

«ይኸውላችሁ፣ የደነገጠ ከብት ሥጋ! ሲበረግግ ጡንቻው ውስጥ ያለውን ስኳር ጨረሰ። ስኳር ካለቀ አሲድ የለም፤ አሲድ ከሌለ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ማነው ያስደነገጠው?»

በጣቱ ወደ ጭምቷ ጠቆመ።

«እሷ ናት። ከራሷ በቀር ማንንም የማያውቅ አድርጋ አሳደገችው።»

ጭምቷ «ያውቁ ነበር?» አለች።

«ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝ?»

«ብነግርሽ አንቺ ታልፊያለሽ፤ ሃያ ዘጠኙ ጓደኞችሽ ግን ይህን ሳያዩ ይቀራሉ። በየዓመቱ አንድ የጠቆረ ሥጋ ያስፈልገኛል። አንቺ እንደሆንሽ መውደቁን ለምደሽዋል።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ሚዛን በስሟ ትይዩ ባዶ ጻፈላትና ወደ ሰሌዳው ዞረ።

«ይህ ለፈተና ይመጣል። ጻፉ።»

ሁሉም አቀረቀሩ። ጭምቷም ደብተሯን ገለጠችና፣ እሷ ለማትቀመጥበት ፈተና፣ እያለቀሰች ጻፈች።